የበረንዳው ሾፌር

በደርግ ጊዜ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ውስጥ በቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ነበር። የጠዋት ሥራዬ የሚጀምረው ግን ልጆቹ ሲመጡ ሳይሆን በረንዳው ላይ የተኛውን ሰው ስቀሰቅስ ነበር።

«ጋሼ፣ ነግቷል፤ ይነሡ» እላቸዋለሁ።

«ተነሥቻለሁ የኔ እመቤት፤ ዓይኔ ብቻ ነው የቀረው።»

ከዚያ ብርድ ልብሳቸውን አራግፈው ያጣጥፋሉ፣ የተኙበትን ካርቶን ከውሃው በርሜል ጀርባ ይሸጉጣሉ፣ መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብለው በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር ይጠርጋሉ። እኔ እንዲህ አጥርቼ አልጠርግም ነበር። አንዳንድ ቀን ቀድሞ የመጣ ልጅ ካለ በአፋቸው ማርሽ እየቀያየሩ፣ እንደ ከባድ መኪና ዳገት ላይ እያቃሰቱ ያስቁታል። ወላጆች መምጣት ሲጀምሩ እሳቸው መንገድ ላይ ናቸው። ወዴት እንደሚሄዱ አውቅ ነበር፤ ወደ እናቴ ቤት ነው።

እናቴ አረቄ ትሸጥ ነበር። ከተማው ገና ሲቆረቆር ከይርጋለም መጥታ፣ አባቴ ሲሞትባት ጓዳዋን ለሁለት ከፍላ ጠጪ አስቀመጠችበት። እኔን ያሳደገችኝም አስተማሪ ያደረገችኝም በዚያው ነው። ቤታችን ከመዋዕለ ሕፃናቱ ብዙ አይርቅም። እናቴ ማታ ያጠጣችውን ሰው እኔ ጠዋት ሄጄ እቀሰቅሳለሁ ማለት ነው። አንድ ቀን ይህን ስነግራት ሳቀችና «ታዲያ ሥራ ተከፋፈልን እንጂ ምን አጠፋን?» አለችኝ።

ሰውየውን ከተማው ሁሉ የሚጠራቸው «ሾፌሩ» እያለ ነበር። በደህናው ጊዜ ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲነዱ ኖረዋል። አንድ ቁልቁለት ላይ መኪናቸው ተገለበጠና ረዳታቸው ሞተ። እሳቸው ጭረት እንኳን አልነካቸውም። ከዚያ ወዲህ ግን መሪ ሲይዙ እጃቸው አልታዘዝ አለ። እጃቸው እንዲረጋ ብለው የጀመሩት አረቄ ቀስ በቀስ ሌላውን ነገር ሁሉ ወሰደባቸው። ሚስታቸው ትንሿን ልጃቸውን ይዛ ናዝሬት ወላጆቿ ጋ ገባች። እሳቸው ከብዙ ዓመት መንከራተት በኋላ ሐዋሳ የመጡት አንድ ወዳጃቸው ሥራ ያገኝልኛል ብለው ነበር፤ ሲደርሱ ወዳጃቸው ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ሄዷል። የት ይሂዱ? የመጀመሪያውን ሌሊት በረንዳችን ላይ አደሩ፤ ከዚያም እዚያው ከረሙ።

ወላጆች ያጉረመርሙ ነበር። «ልጄ ቤት ገብቶ የሰካራም አካሄድ ያሳየኛል» ያለችኝ እናት ነበረች። አልፈርድባትም፤ ጠረኑ በረንዳው ከተጠረገ በኋላም አይለቅም ነበር።

በዚያን ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር በከተማው ዱቄት ፋብሪካ መካኒክ የሆነ ወጣት ነበር። ያደገው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሲዳማ መንደር ነው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ስለተማረው እንደ መጽሐፍ አስተካክሎ ይናገራል፣ ሲናደድ ግን ወደ ሲዳምኛ ይሻገራል። ስለ ሃይማኖት አያወራም። ወላጆቹ የሚጸልዩበት ቤት ከታሸገ ቆይቷል፤ ስለዚህ ነገር ጮክ ብሎ ማውራትም ጥሩ አልነበረም። ግን መጠጥ አይቀምስ፣ ጫት አይነካ፣ ሲጋራ ሲሸተው ፊቱን ያዞራል። እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሊቀመንበራችን የነዚያ ልጅ ነው» ትል ነበር፤ ጴንጤዎቹን ማለቷ ነው። እንደኔ እንደኔ ደረቅ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ለስብሰባ ተጠራን። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም ስለሚባል አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። መፈክሩ ካለቀ በኋላ ሊቀመንበሩ ተነሣ።

«ጓዶች፣ ከበላይ አካል ትእዛዝ ደርሶናል። ለበዓሉ እንግዶች ይመጣሉ። በየበረንዳው የሚያድሩ ሰዎች ከዚያ በፊት ይነሡ ተብሏል።»

«ተነሥተው ወዴት?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«እሱን እናንተ ወስኑ ነው የተባልነው።»

መጀመሪያ የተናገረው ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ጎረቤታችን ነበር። «መኪና እንከራይ። ጭነን ከከተማው ወጣ አድርገን እናውርዳቸው» አለ።

«እነሱንም እኮ ሌላ ከተማ እንደዚህ ተሰብስቦ ነው የላከልን» አለች እናቴ፣ ሳይፈቀድላት። ሰው ሳቀ።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና የራሱን ሐሳብ ተናገረ። «ሰውን የሚያድነው ሥራ ነው። የመንግሥት እርሻዎች ሰው ይፈልጋሉ። እርሻ የማይችል ደግሞ መጀመሪያ መጠጡን፣ ጫቱን ይተው። ለተወ ሰው እኔ ራሴ ቤት እፈልግለታለሁ። ላልተወ ግን የሕዝብ ቤት አንሰጥም።»

ከሴቶች ማኅበር አንዲት ሴት እጇን አወጣች። «ምንጩ ሳይደርቅ እነሱን ብናነሣ ምን ዋጋ አለው? አረቄ ቤቶቹ ይዘጉ።»

የአዳራሹ ሰው አንገት ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ። እኔ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። «እኔን ነው የምታዩት? እሺ፣ እዩኝ። ቀበሌው ሌላ ሥራ ይስጠኝና ዛሬ ማታ እዘጋለሁ። ግን እኔ ስዘጋ ሾፌሩ የሚጠጣው ያጣል ብላችሁ እንዳትሞኙ። ከቤቴ ጀርባ አለ፣ ከገበያው ማዶ አለ። እኔ ጋ ሲመጣ መጀመሪያ እንጀራ ነው የማቀርብለት፤ ካልበላ አልቀዳለትም። እዚያ ማዶ በልተሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ማነው?»

«እናት» አላት ሊቀመንበሩ በትሕትና፣ «እንጀራ አብልተው መርዝ ከሰጡት ምን ጠቀሙት?»

«መርዝ አልከው? አንተ ቀምሰኸው አታውቅ፣ በምን አወቅክ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፋ፤ ፈገግታውን ሲውጥ ግን እኔ አይቻለሁ። ምናልባት ያ ፈገግታ ነው ደፍሬ እጄን እንዳወጣ ያደረገኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መጀመሪያ ይተው ብለዋል። ካርቶን ላይ የሚያድር ሰው በምን አቅሙ ይተው? ከሐይቁ የሚመጣውን ብርድ እናውቀዋለን። አረቄው እኮ ብርድ ልብሱ ነው። መጀመሪያ ክፍል እንስጠው፤ ስለ መተው ከዚያ እናውራ።»

«ክፍል ሰጥተነው ባይተውስ?»

«በረንዳ ላይ ሰክሮ ከሚያድር ክፍል ውስጥ ሰክሮ ይደር።»

አንዳንዱ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ አጉረመረመ። ሊቀመንበሩ ዝም እስኪሉ ጠበቀና ወደ እኔ ዞረ። «ጓዲት፣ ይህ ቀበሌ ውስጥ አምስትና ስድስት ልጅ ይዘው ቤት የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ። አይጠጡም፣ አይሰክሩም፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ለእነሱ ምን ልበላቸው?»

እውነቱን ነበር። እነዚያ ቤተሰቦች እኮ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ የአንዷን ልጅ እኔው ነኝ የማስተምረው። ቁጭ አልኩ።

ያኔ እናቴ እንደገና ተነሣች። «ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል። ስለሱ እዚህ ከምንጨቃጨቅ እሱኑ ብንጠይቀውስ?»

ሁላችንም ዞርን። ሾፌሩ በሩን ተደግፈው ቆመዋል።

«የቀበሌው ነዋሪ አይደሉም፣ የመናገር...» ብሎ ሊቀመንበሩ ጀመረና ራሱ አቋረጠው። ትንሽ አሰበ። «ይግቡ» አላቸው።

ሾፌሩ ቆባቸውን አውልቀው ሁለት እርምጃ ገባ አሉ። «እተዋለሁ ብዬ ቃል ልገባላችሁ አልችልም» አሉ። «ለሚስቴ ገብቻለሁ፣ ለእናቴ ገብቻለሁ፣ ለታቦትም ገብቻለሁ፤ አንዱንም አልጠበቅኩም። እርሻ ሂድ ካላችሁኝም እሄዳለሁ። ግን ከጠየቃችሁኝ አይቀር፣ እኔ የናፈቀኝ እንቅልፍ ነው። በረንዳ ላይ ሰው አይተኛም፤ አንድ ዓይኑን ገልጦ ያነጋል። ከውስጥ የሚቀረቀር በር ባገኝ ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ሰው እንደምሆን አላውቅም። እተኛለሁ ግን።»

ማንም አልሳቀም። ቀጥሎ የተናገረው ያው መኪና እንከራይ ያለው ጨርቅ ነጋዴ ነበር። «ከቀበሌው ወፍጮ ቤት ጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች ባዶ አይደሉም እንዴ? ለቤተሰብ አይሆኑም፤ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ ዱቄቱ ይቦናል። ለብቸኛ ሰው ግን...»

እንዲህ ሆኖ ተወሰነ። አንዱ ክፍል ለሾፌሩ፣ ሌላው ገበያው ላይ ሰው የጣለውን የጫት ገራባ እየለቀመ ለሚቅምና እዚያው ለሚያድር አንድ ጎረምሳ ተሰጠ። ለክረምቱ ብቻ፣ ለሙከራ ተባለ። ሁለቱም ወፍጮ ቤቱን በማጽዳት ያግዛሉ። ሊቀመንበሩ ከመጀመሪያው ሐሳቡ ፈቀቅ አላለም፤ ውሳኔውን በድምፅ አስወስኖ እሱ ራሱ እጁን ሳያወጣ ቀረ። የመጀመሪያው ሰኞ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ መዶሻና ሚስማር ይዞ መጥቶ ለሁለቱም ክፍሎች በር የገጠመው ራሱ ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጆቹን ፊደል ሳስቆጥር ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«ሸጠው!» አለኝ።

«ምኑን?»

«በሩን! ያ ጎረምሳ በሩን ነቅሎ ሸጦ ሄደ። ማጠፊያው እንኳን አልቀረም።»

ማዘን ነበረብኝ። ግን በሩን በጀርባው ተሸክሞ ገበያ መሀል ሲያልፍ ታየኝና ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ልጆቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውኝ ሳቁ። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ በሲዳምኛ አንድ ነገር አጉተመተመ፤ ከዚያ እሱም ግድግዳውን ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። ደረቅ ሰው አለመሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ጎረምሳውን ግን ዳግመኛ አላየነውም። አሁንም ትዝ ሲለኝ ከበሩ ይልቅ እሱ ያሳዝነኛል፤ ከእኛ ምን ቢያገኝ ይቆይ እንደነበር ማናችንም አላወቅንም።

ሾፌሩ ግን ተኙ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሞተሩ እየጮኸ እንኳን ይተኙ ነበር። ቀስ በቀስ ፊታቸው ላይ ያለው እብጠት ጎደለ፣ ጠዋት ጠዋት ወፍጮ ቤቱን መጥረግ፣ ለሚያስፈጩ ሴቶች ጆንያ ማውረድ ጀመሩ። መጠጣቱን አላቆሙም፤ ቀነሱ እንጂ። ከዕለታት አንድ ቀን እናቴ ልትቀዳላቸው ስትል ብርጭቆውን በእጃቸው ከደኑት።

«ይበቃኛል እትዬ። እስቲ ልሞክረው።»

እናቴ ደስ ብሏት ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ደስታዋ ብዙ አልቆየም። በሦስተኛው ቀን ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው እየሮጠ መጣ። ሾፌሩ መላ ሰውነታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እያዩ ረዳታቸውን በስሙ ይጠሩ ነበር። እናቴና እኔ ስንደርስ ሊቀመንበሩ ቀድሞን ከወለሉ ላይ አቅፎ ይዟቸዋል። ጋሪ አስቁመን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው።

የተቀበለችን ነርስ ነገሩን ወዲያው አወቀችው። «እንዲህ ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሊሞትም ይችላል» አለችን። «ከሕክምና ጋር፣ ቀስ እያለ ነው የሚተወው። ደግ አመጣችኋቸው።»

ሊቀመንበሩ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «እኔ እኮ ‹ይተው› ስል ቀላል ነገር የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር» አለ። እናቴም ከጎኑ ተቀምጣ «እኔም እኮ ብርጭቆውን ሲከድን እልል ነው ያልኩት» አለችው። ሁለቱ ሳይጨቃጨቁ አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ሾፌሩ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሰንበት አሉ። እናቴ በየቀኑ ሐይቅ ዳር ወርዳ ከአጥማጆቹ ዓሣ እየገዛች ሾርባ ትሠራላቸዋለች፤ እኔ ከሥራ ስወጣ በሳህን አድርጌ አደርሳለሁ። ሊቀመንበሩም ከፋብሪካው ወጥቶ ይመጣል። ሾፌሩ ሾርባውን ሲጠጡ እኛ ውጪ ዛፉ ሥር እንጠብቃለን። እዚያ ሥር ያልተከራከርንበት ነገር የለም። አረቄ ቤት ይዘጋ አይዘጋ፣ ሰው መጀመሪያ ሥራ ነው ቤት ነው የሚያስፈልገው፣ ለአንድ ሰው ስንት ጊዜ ዕድል ይሰጠዋል። እሱ ሐሳቡን በቶሎ የሚቀይር ሰው አይደለም፤ እኔም አይደለሁም። ግን ሲከራከር ሌላውን ሰው አስጨርሶ ነው የሚናገረው። እንዲህ ያለ ወንድ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም ነበር። ሾፌሩ ተሽሏቸው ከወጡም በኋላ እኛ ዛፍ ሥር መገናኘታችንን አልተውንም፤ ዛፉን ብቻ ቀየርን።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽም። ሾፌሩ ብዙ ወራት ሳይቀምሱ ከረሙ፤ ክረምቱ ሲያልፍም ክፍሉን ይልቀቁ ያላቸው የለም፤ የወፍጮውን ሞተር መንከባከብ ያዙ፣ መጠነኛ ደሞዝም ተቆረጠላቸው። ከፋሲካ ማግስት ግን ክፍላቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት አለፈ። ኮሚቴው ተሰበሰበና ክፍሉ ለሌላ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኔም ከሴቶች ማኅበር ተወክዬ ገብቼ ስለነበር ለመከራከር ተዘጋጅቼ ነበር። አላስፈለገም። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ተናገረ።

«ክፍሉ ይቆይላቸው። ከወሰድንባቸው የሚመለሱበት ቦታ አይኖራቸውም፣ ከዚያ መልሰን በረንዳ ላይ ነው የምናገኛቸው።»

«መጀመሪያ ይተው ያልከው አንተ አልነበርክም?» አለው አንዱ።

«ነበርኩ» አለ። ሌላ ምክንያት አልጨመረም። ድምፅ ሲሰጥ እጁን ቀድሞ አወጣ።

ሾፌሩ ከሳምንታት በኋላ ከስተው፣ የሌላ ሰው ጃኬት ለብሰው መጡ። ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ በቀጥታ ሞተሩ ጋ ሄደው መወልወል ጀመሩ። እናቴ ይህን ስትሰማ እንጀራ በወጥ ይዛ ሄደች። «ብላ» አለቻቸው፤ የት እንደነበሩ አልጠየቀቻቸውም። ከዚያ ወዲህም አንድ ጊዜ ጠፍተዋል፤ ያኔ ግን ቶሎ ተመለሱ።

እናቴ አረቄ ቤቷን አልዘጋችም። ሊቀመንበሩም ይዘጋ ማለቱን አልተወም። ግን ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አረቄ መሸጥ አቆመች፤ በምትኩ ሻይና የዓሣ ሾርባ ታቀርብ ጀመር። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት «ሾርባው ያዋጣኛል» ነው የምትለው፤ በእሱ ግፊት ነው እንዲባልባት አትፈልግም።

እኔና ሊቀመንበሩ ተጋባን። እናቴ መጀመሪያ ስትሰማ ራሷን ይዛ «የነዚያን ልጅ! ታዲያ ለሠርግሽ የምጠምቀውን ማን ሊጠጣልኝ ነው?» አለች። ቀስ ብላ ግን ለእሱ ወገኖች ብርዝ በጠበጠች። በሠርጉ ቀን ሾፌሩ ከጨርቅ ነጋዴው በተገዛ አዲስ ሸሚዝ መጥተው ጠላውንም ጠጁንም አልፈው ብርዙ ጋ ተቀመጡ። «ዛሬ እኔም የሙሽራው ወገን ነኝ» አሉ። አማቾቼ ምን ማለታቸው እንደሆነ ባይገባቸውም ቦታ ለቀቁላቸው።

የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ በምሄድበት ጊዜ አንድ ከባድ መኪና ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ እህል ያራግፍ ነበር። የመኪናው ሾፌር ወርዶ የእኛን ሾፌር አየና አፉን ይዞ ቀረ፤ በአሰብ መንገድ አብረው የሠሩ ናቸው። ሞተዋል ተብሎ ነበር የሚወራው። ያ ሰው ናዝሬት ሲደርስ ዝም አላለም። ወር ሳይሞላ አንዲት ቀጭን፣ ዓይኗ ቁርጥ የእሳቸውን የመሰለ ወጣት ሴት «አባቴን ፈልጌ ነው» እያለች ወፍጮ ቤቱ መጣች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሊቀመንበሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ብቻቸውን እንዲተዋቸው አደረገ። በዚያ ከሰዓት ወፍጮው ቆሞ ዋለ። ለማስፈጨት የመጡት ሴቶች እህላቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ አንዷም አላጉረመረመችም።

ሾፌሩ ከልጃቸው ጋር ናዝሬት ለመኖር ወሰኑ። የሚሄዱ ዕለት እናቴ ቤት ምሳ በላን፣ ከዚያ መናኸሪያ ሸኘናቸው። አውቶቡሱ ውስጥ ከፊት ወንበር ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። ሲነሣ በመስኮት «ማርሹን በደንብ አያውቅበትም ይሄ ልጅ!» ብለው ወደ አውቶቡሱ ሾፌር እየጠቆሙ ጮኹልን። እናቴ ሳቀችም አለቀሰችም።

ስንመለስ ባለቤቴና እናቴ ከፊት፣ እኔ ልጄን አዝዬ ከኋላ እንሄድ ነበር። ገና መናኸሪያውን ሳንርቅ ጀመሩ።

«ክፍሉን ገበያው ጥግ በቆሎ ለምትቀቅለው፣ መንታ ለያዘችው ሴት ስጥ» ትለዋለች እናቴ።

«ለቤተሰብ አይሆንም ተብሎ ተወስኗል እኮ፣ እናቴ። ለሕፃናት ዱቄቱ ጥሩ አይደለም።»

«ታዲያ ዱቄቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ድፈነዋ! መካኒክ አይደለህም?»

«ብደፍነውስ፣ ቤት የሚጠብቁት ምን ይላሉ?»

«እነሱን እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

«እርስዎ ካነጋገሯቸውማ አለቀልኝ» አለ ባለቤቴ።

ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ማዘንበል ጀምራ ነበር፤ ታቦር ተራራ ላይ ያለው ሣር ቢጫ መስሏል። ልጄ ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ሁለቱ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ በየሐሳቡ ላይ እየቆሙ እንደገና እየተነሡ ሲሄዱ አያቸዋለሁ። እናቴ ደግሞ እየዞረች «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ትለኛለች። እኔም ከበቆሎ ቀቃይዋ ጋር ነኝ አልኩ። ባለቤቴ «ሁለት ለአንድ!» አለና እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ ቤት እስክንደርስም ቀዳዳውን ለመድፈን ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደሚበቃ ነበር የሚያወራው።